የፒንሳው ጥርስ

የባጃጇን የፊት ጎማ ቫልቭ ያጣመምኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ አይደለም። ይህችን አንድ ዐረፍተ ነገር በጊዜዋ፣ ጎሚስታው ደጅ ላይ፣ ቆመው ሲያዩን በነበሩት ሰዎች ፊት ብናገራት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልተናገርኳትም። በእኔ ጥፋት ሌላ ሰው ሲወቀስ ዝም አልኩ፤ ወቃሹም እኔው ነበርኩ። ከዚያ ደግሞ የኪሳራውን ገንዘብ ከእጁ እየቆጠርኩ ተቀበልኩ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባጃጇን የገዛሁት እቁብ ሲወጣልኝ፣ የጎደለውን ከባለቤቴ ወንድም ተበድሬ ነው። የመምህር ደመወዝ ወር እንደማያደርስ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም። እኔ ራሴ መንዳት አልችልም፤ ብችልም ጊዜው የለኝም። ስለዚህ ሾፌር ፈለግሁ፤ ያገኘሁትም አሥረኛ ክፍል ሳለ ያስተማርኩትን ልጅ ነው። ትምህርቱን አቋርጦ የሰው ባጃጅ ሲነዳ ቆይቷል። እናቱ ጃቢ ጠህናን ገጠር ውስጥ በቆሎና በርበሬ የሚያመርቱ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ልጁ ዝምተኛና ንጹሕ ነበር። ባጃጇን ጠዋት ሳይወለውል አያወጣትም። እኔን የሚጠራኝ ያኔ ክፍል ውስጥ እንደሚጠራኝ "ቲቸር" ብሎ ነው።

ውላችን የቃል ነበር። በቀን የተቆረጠ ገቢ ያስገባልኛል፤ ከቤንዚንና ከገቢው የተረፈው የእሱ ነው። ዕቃ አርጅቶ ሲያልቅ በእኔ፣ በአያያዝ ጉድለት ሲበላሽ በእሱ። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን "ይህ ዕቃ ያረጀ ነው ወይስ የተበላሸ?" ብሎ የሚፈርደው ማን ነው? ባለንብረቱ ነው። ከሳሹም እሱ፣ ዳኛውም እሱ፣ ተከፋዩም እሱ። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ ባጃጅ በሚሠራበት ከተማ ሁሉ፣ በሾፌርና በባለንብረት መካከል የሚነሣው ጠብ አብዛኛው ከዚህች ጥያቄ ይነሣል። የኔ ታሪክ ሊገባ የሚችለውም ይህ ውል ከታወቀ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የአንዲት ቫልቭ መጣመም የማን እንደሆነ መታወቁ፣ የማን ኪስ እንደሚጎድል መወሰኑ ነበር።

ስለ ቫልቯ ልናገር። የባጃጅ ጎማ ትንሽ ነው፤ ቸርኬው ስምንት ኢንች ብቻ ነው። ቸርኬው ለሁለት የተከፈለ ሆኖ በቡሎን ይገጠማል፤ ካላማዳሪው ከጎማው ጋር በሁለቱ ግማሾች መካከል ገብቶ ቫልቯ በቸርኬው ቀዳዳ ብቅ ትላለች። መሐሉን የፍሬኑ ከበሮ ስለያዘው ለእሷ የተረፈላት ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። የነሐስ አንገቷ ወደ ጎን ታጥፎ የሚሠራውም ለዚሁ ነው። ያም ሆኖ አየር መሙያው ጠንካራና ቀጥ ያለ አፍ ካለው አይገጥምላትም። ሥራውን የሚያውቁ ጎሚስታዎች ተጣጣፊ ቱቦ ያለው አጭር አፍ ይጠቀማሉ፤ ያ ከሌላቸው በክሪክ አንሥተው ጎማውን ያወርዱና እንደ ልብ ይነፉታል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ከባድ አይደለም።

የቫልቯ ደካማ ቦታ ሁሉም ሰው የሚያየው አፏ አይደለም። አፏ ውስጥ በስፕሪንግ የምትሠራ ቀጭን መርፌ አለች፤ የጎማው አየር ራሱ ከውስጥ እየገፋ አጥብቆ ይዘጋታል። እሷ ብትበላሽ በትንሽ ገንዘብ ትቀየራለች። ደካማው ቦታ ሥሯ ነው፤ የነሐሱ አንገት ከካላማዳሪው ላስቲክ ጋር የተጣበቀበት። ነሐስ ሲታጠፍ ላስቲኩ አብሮ አይታጠፍም፤ ይላቀቃል። ይህ ደግሞ ቸርኬው ውስጥ ስለሚሆን አይታይም።

አንድ ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት ባጃጇን ሳያት የፊት ጎማዋ ለስለስ ብሏል። ማታ ማታ የምታድረው እኔ ግቢ ነው። ልጁ መጥቶ ጎሚስታ ጋ ቢወስዳት የጠዋቱን የተማሪና የሠራተኛ ጭነት ያመልጠዋል፤ ያ ካመለጠው ገቢው ይጎድላል ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩት ለእሱ አልነበረም፤ ለገቢዬ ነው። ከጎረቤት ፖምፓ ተበደርኩ። የፖምፓው አፍ ደረቅ ብረት ስለነበር ከበሮው እየከለከለው አልደርስ አለ። ፒንሳ አመጣሁና የቫልቯን አንገት ይዤ ወደ ውጭ ሳብኳት። እምቢ አለች። ጨመርኩበት፤ ታጠፈች። ነፋሁ። ከዚያ ፍሬኑን እንዳትነካ ብዬ በዚያው ፒንሳ ወደ ነበረችበት መለስኳት። ፒንሳውን ዕቃ ቤት አስገባሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ልጁ ሲመጣ ጎማው ሞልቶ ጠበቀው። ምንም አልነገርኩትም። ያን ጊዜ የሚነገር ነገር ሠርቻለሁ ብዬ አላሰብኩም፤ እስከዚህ ድረስ ጥፋቴ የችኮላ ጥፋት ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የችኮላ አይደለም።

ጥቂት ቆይቶ ልጁ አየሩ እየቀነሰ መሆኑን ነገረኝ።

"ቲቸር፣ የፊቱ ጎማ አየር አይዝም። ቫልቯም ጋደል ብላለች።"

ወጥቼ አየሁ። ጣቴን በምራቅ አርሼ አፏ ላይ አደረግሁ። አረፋ የለም። "መርፌዋ ደህና ናት። የምትጭነውን ቀንስ" አልኩት። እሱ ግን ቫልቯን በጣቱ ወደ አንድ ወገን ገፋ ሲያደርጋት ከቸርኬው ቀዳዳ እንደሚተነፍስ፣ ሲለቃት ደግሞ ዝም እንደሚል ነገረኝ። የተናገረው ልክ ነበር። የሥር ቁስል ጠባዩ እንደዚህ ነው፤ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ ቆሞ ሲፈተሽ አይገኝም፣ ጎማው ሲዞር ያፈሳል። እኔ ምራቅ ያደረግሁት ጤነኛው ቦታ ላይ ነው። አስተማሪው ስለሆንኩ ብቻ ምርመራው በእኔ ፍርድ ተዘጋ።

በክፍል ውስጥ ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው እያልኩ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ጎማ ውስጥ አየር ሲያንስ ያንኑ ጭነት ለመሸከም ጎማው መሬት ላይ ሰፋ ብሎ መተኛት አለበት። ሲተኛ ጎኑ ይታጠፋል፣ ይሞቃል፤ ቸርኬውንም አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ቸርኬው ሲቆም ጎማው ጥቂት ይንሸራተታል፤ ካላማዳሪውን ይዞት ይሄዳል። ቫልቯ ግን በቸርኬው ቀዳዳ ተይዛለች፤ መሄድ አትችልም። ስለዚህ ትጋደላለች፤ ሥሯም በተንሸራተተ ቁጥር እየተቀደደ ይሄዳል። "ቫልቯ ጋደል ብላለች" የሚለው የልጁ ቃል ይህን ሁሉ የያዘ ማስጠንቀቂያ ነበር። ለተማሪ የማስረዳውን ነገር የቀድሞ ተማሪዬ በእጁ ዳስሶ ደርሶበት ሲነግረኝ አልሰማሁትም።

አዲስ ካላማዳሪ እንግዛ አለኝ። "የበርበሬው ሥራ ይለፍና" አልኩት። ወሩ ኅዳር ነበር። በርበሬ የሚደርቅበትና ከገጠር ወደ ገበያ የሚጎርፍበት ጊዜ ነው፤ በዚያ ወቅት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገበያ በርበሬ ያላሳለው ሰው አይገኝም። ለባጃጅ ትልቁ የሥራ ወቅት ይህ ነው። እሱ በየጠዋቱ ከራሱ ኪስ እየከፈለ አየር ያስሞላ ጀመር። ይህን አውቅ ነበር። ስኮርታ ጎማዋ ሙልጭ ብላ ማለቋንም አውቅ ነበር።

አደጋው የደረሰው ከከተማ ወጣ ብሎ ወደ ገጠር በሚያስገባ የጠጠር መንገድ ላይ፣ ቁልቁለት ላይ ነው። ሁለት ሴቶችና የበርበሬ ማዳበሪያዎች ጭኖ ወደ ገበያ ሲመለስ የፊት ጎማው በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ሦስት ጎማ ያለው ነገር የፊቱ ሲከዳው መሪው ከእጅ ያመልጣል። ልጁ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ዳገቱ ጥግ አዙሮ ባጃጇን በጎኗ አስተኛት። የፊት መስታወቱ ተሰበረ፣ አንዱ ማዳበሪያ ተቀዶ በርበሬው ተበተነ፣ የልጁ ክርን ተላጠ። ሴቶቹ ከድንጋጤ በቀር ደህና ነበሩ። እግዚአብሔር ይመስገን። የዚያን ዕለት ሰው ሞቶ ቢሆን ምን አደርግ እንደነበር ዛሬም ማሰብ አልችልም፤ ምናልባት ያኔም ዝም እል ነበር የሚል ፍርሃት አለብኝ።

ባጃጇን በሰው ኃይል አቁመው፣ በአይሱዙ ጭነው ጎሚስታው ጋ ሲያደርሷት ተጠራሁ። ከክፍል ወጥቼ እንደ ተናደድኩ ደረስኩ። ልጁ ክርኑን በጨርቅ አስሮ ቆሟል። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። "ስንት ጫንክባት?" ነው ያልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሌሎች ሾፌሮች፣ ሻይ የምትሸጠው ልጅ፣ መንገደኛው ሁሉ ይሰማል። የሰው ንብረት ማለት ምን እንደሆነ፣ ሳይማሩ የቀሩ ሰዎች ጠባይ እንዴት እንደሆነ ተናገርኩ። ትምህርቱን ያቋረጠው እናቱን ለመርዳት እንደነበር ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚያ ቦታ አልነበረም።

ጎሚስታው እኔ እየተናገርኩ ሥራውን ይሠራ ነበር። የቸርኬውን ቡሎኖች ፈታ፣ ለሁለት ከፈለው፣ ካላማዳሪውን አወጣ። የተቀደደው ከቫልቯ ሥር ነው። ከዚያ የነሐሱን አንገት በጨርቅ ጠረገና ወደ ብርሃን አዞረው። አንገቷ ላይ በወዲህም በወዲያም የተደረደሩ ጥቃቅን ጭረቶች ነበሩ። የፒንሳ ጥርስ ነው።

"ፒንሳ ነክቷታል" አለ። ወደ ልጁ ዞሮ "አንተ ነህ?" አለው።

"እኔ ፒንሳ የለኝም" አለ ልጁ።

በዚያች ቅጽበት ሁሉንም አውቄያለሁ። ያ ጠዋት፣ ፖምፓው፣ እጄ፣ ሁሉም መጣልኝ። ሳላውቅ ያለፍኩት ነገር አልነበረም። አውቄ፣ ቆሜ፣ ከአፌ ያወጣሁት ግን ይህን ነው፦ "ታዲያ ማን ሊሆን ነው? ባጃጇ ያለችው በአንተ እጅ ነው።"

ልጁ አየኝ። ከዚያ መሬት አየ። ጎሚስታውም እኔን አየኝ፤ ምንም አላለም። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ልጆቹን አስተምሬያለሁ። በአገራችን መምህር ይከበራል፤ ያን ዕለት ያ ክብር ውሸቴን ሸፈነልኝ። አሮጌውን ካላማዳሪ ለዕቃ ማሰሪያ እፈልገዋለሁ ብዬ ይዤው ሄድኩ። ጎሚስታ አሮጌ ካላማዳሪ ለልጣፊ ስለሚጠቅመው አይሰጥም፤ እሱ ግን ያለ ቃል ሰጠኝ። የወሰድኩት የጥርሱን ምልክት ሌላ ሰው እንዳያየው ነው። ቤት እንደገባሁ አንገቷን ቆርጬ ሽንት ቤት ጉድጓድ ጣልኳት። ይህን ለባለቤቴም አልነገርኳትም ነበር።

መስታወቱን፣ ካላማዳሪውን፣ የአይሱዙውን ኪራይ፣ ባጃጇ የቆመችባቸውን ቀናት ገቢ፣ ሁሉንም በልጁ ላይ ጻፍኩ። የተበተነውን በርበሬ ደግሞ እሱ ራሱ ከሴቲቱ ጋር ተነጋግሮ ከፍሏል። ከዕለት ድርሻው ላይ እየቆረጥኩ ጨረስኩ። ያን ሰሞን የሾፌሮች እቁብ ውስጥ እንደነበረና መጣል አቅቶት እንደ ወጣ የሰማሁት ቆይቼ ነው። የራሱን ባጃጅ ለመግዛት መነሻ የሚሆነውን ነበር የሚያጠራቅመው። እኔ በእቁብ የገዛኋትን ባጃጅ ይዤ የእሱን እቁብ አፈረስኩበት። ዕዳው ሲያልቅ ቁልፉን በባለቤቴ በኩል አስረክቦ ሄደ። ቡሬ መግባቱን ሰዎች ነገሩኝ።

እሱ ከሄደ በኋላ ስለዚያች ጎማ ማንበብ ጀመርኩ። የማነበው ጥፋቴን የሚያቀልልኝ ነገር ባገኝ ብዬ ነበር፤ ቫልቯ ስትሠራም ደካማ ናት የሚል፣ የማንም እጅ ያለ ፒንሳም ያጣምማታል የሚል። ያገኘሁት ሌላ ነው። ባጃጅ የቬስፓ የልጅ ልጅ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጣሊያኑ ፒያጆ ኩባንያ የአውሮፕላን ፋብሪካው በቦምብ ፈርሶበት፣ ለተራው ሰው የሚሆን መጓጓዣ ሲያስብ ሥራውን የሰጠው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ለሚባል የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነው። ዳስካኒዮ ሞተር ብስክሌት አይወድም ነበር። ከማይወድበት ምክንያት አንዱ መንገድ ላይ ጎማ ሲተነፍስ ፈትቶ መቀየሩ ማስቸገሩ ነው። ስለዚህ የፊቱን ጎማ ከግራና ከቀኝ ከመያዝ ይልቅ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ወገን ብቻ አንጠለጠለው፤ በጥቂት ቡሎን እንዲወርድ፣ በቀላሉ እንዲቀየር። ቬስፓ እ.ኤ.አ. በ1946 ወጣች፤ በ1948 ባለ ሦስት ጎማዋ አፔ ተከተለች። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ በ1960 ገደማ ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ መሥራት ጀመረ፤ እኛ መንደር የደረሰችው ያች ናት። ዛሬም የባጃጅ የፊት ጎማ በአንድ እግር እንደ ተንጠለጠለ ነው።

ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1888 በአየር የሚሞላ ጎማ የፈጠራ መብት ያወጣው ጆን ቦይድ ደንሎፕ ቤልፋስት የሚኖር የእንስሳት ሐኪም ነበር። ሙከራውን የሠራው ለልጁ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት፣ ድንጋይ መንገድ ላይ ልጁን እንዳያንገጫግጨው ብሎ ነው። ዛሬ በመኪናውም በባጃጁም ጎማ ላይ ያለችው በመርፌና በስፕሪንግ የምትዘጋ ቫልቭ ደግሞ ከኒው ዮርኩ የሽሬደር ቤተሰብ የወጣች ናት፤ መብቷ እ.ኤ.አ. በ1893 ተመዝግቧል። አንዱ ስለ ልጁ አስቦ፣ ሌላው መንገድ ላይ ጎማ ስለሚተነፍስበት ስለማያውቀው ሰው አስቦ የሠራውን ነው እኔ በፒንሳ የጠመዘዝኩት። የጎዳሁትን ልጅ ደግሞ አውቀዋለሁ። እናቱን አውቃቸዋለሁ። የት መቀመጫ ላይ ይቀመጥ እንደነበር፣ የእጅ ጽሑፉ እንዴት እንደነበር አውቃለሁ።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ፍኖተ ሰላም ሲገባ የሆነውን እዚህ አልተርክም፤ የደረሰበት ሰው ያውቀዋል። እኔ የምናገረው ስለ አንድ ሌሊት ብቻ ነው። የጦርነቱ ድምፅ ሲሰማ፣ ልጆቻችንን ይዘን መሬት ላይ ተኝተን፣ እዚያው ብሞት ያልመለስኩት የማን ነው ብዬ ሳስብ የመጣልኝ ያ ልጅ ነው። ከእሱ ቀጥሎም ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣ፦ ቡሬም ቢሆን ሰላም አይደለም፤ እሱስ ቢሞት? ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ላይኖር ይችላል የሚለው ሐሳብ ከዚያ ሌሊት በኋላ አልለቀቀኝም።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ጾምና ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስግደት ቀላል ነው። እሳቸው ግን "የወሰድከውን መልሰሃል?" አሉኝ። አልመለስኩም አልኳቸው። "እንግዲያው ሂድና መልስ። ከዚያ ና" አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ አልሄድኩም። መንገድ ተዘጋ እላለሁ፤ ትራንስፖርት የለም እላለሁ፤ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ፈተና ደረሰ እላለሁ። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በማንኩሳ በኩል ቢኬድ የሚራራቁ ከተሞች አይደሉም። የራቀው አፌ ነበር።

በመጨረሻ ሄድኩ። ቡሬ የነቀምቴው መንገድ የሚገነጠልባት፣ እህል ከወንበርማም ከሌላውም ወገን የሚራገፍባት፣ ሥራ የማይጠፋባት ከተማ ናት። መናኸሪያው አካባቢ ጠይቄ አገኘሁት። አሁንም የሰው ባጃጅ ነው የሚነዳው። ጎልምሷል፤ ፂም አውጥቷል። ሲያየኝ ወርዶ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ። "ቲቸር፣ በሰላም ነው? ቤተሰብ ደህና ናቸው?" አለኝ። ያ ሰላምታ ከምንም በላይ ከበደኝ።

የመጣሁበትን በቀጥታ ነገርኩት። "ቫልቯን ያጣመምኩት እኔ ነበርኩ። በፒንሳ። ጎሚስታው ቤት ቆሜ ሳለሁም አውቄ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለኝ።

ፖምፓውን ካበደረኝ ጎረቤት ሰምቶ ነበር። የሰማው ገና ዕዳውን እየከፈለ ሳለ ነው። ለምን አልነገርከኝም አልኩት፤ እንዲህ ብዬ መጠየቄ ራሱ ዛሬ ያሳፍረኛል።

"ብነግርዎት ቁልፉን ይቀበሉኝ ነበር። እናቴ ታመው ነበር ያን ጊዜ።"

የወሰድኩበትን ሁሉ፣ ለሴቲቱ በርበሬ የከፈለውንም ጨምሬ፣ ዋጋው ከዚያ ወዲህ የናረውን በተቻለኝ አስቤ ይዤ ነበር። እቁቡን ግን ልመልስለት አልችልም፤ የጠፋበት ጊዜ በብር አይቆጠርም፤ ይህንንም ነገርኩት። ገንዘቡን ተቀበለኝ፤ ቆጠረው፤ በመቁጠሩ ደስ አለኝ። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለኝም። እኔም አስገድጄ አላስባልኩትም። ያለኝ ይህን ነው፦ "ጎሚስታው ቤት ይንገሩልኝ። እዚያ የነበሩት ሾፌሮች አሁንም ሲያገኙኝ ፒንሳ ይሉኛል።"

በቅጽል ስም መጠራቱን አላውቅም ነበር። የእኔ ውሸት ለእሱ ስም ሆኖ በሁለት ከተማ መካከል ሲመላለስ ኖሯል።

ተመልሼ ነገርኳቸው። ጎሚስታው ደጅ፣ ሾፌሮቹ ቁርስ በሚበሉበት ሰዓት ሄጄ፣ ያን ዕለት የነበሩትንም ያልነበሩትንም ሰብስቤ ተናገርኩ። አንዱ ሣቀ፤ አንዱ "ይበል ቲቸር" አለኝ፤ አብዛኞቹ ዝም አሉ። ጎሚስታው ጎማ እየገጠመ ነበር፤ ቀና ሳይል "እኔም ያኔ መናገር ነበረብኝ" አለ። ይህን መጻፌም ልጁ ከጠየቀኝ የሚቆጠር ነው፤ እዚያ ያልነበሩ፣ ቅጽል ስሙን ብቻ የሰሙ ሰዎች አሉና።

ከቡሬው ንግግራችን የቀረ አለ። ልሰናበተው ስል ጠየቀኝ።

"አሁን ማን ይነዳታል?"

ሌላ ልጅ መቅጠሬን ነገርኩት።

"ጎማው በማን ነው?"

"በእኔ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ልዋሽ እችል ነበር። "ከዚህ ሳምንት" አልኩት። እውነቱ ይህ ነበር፤ ወደ ቡሬ ለመሄድ ስቆርጥ ነው ለአዲሱ ልጅ ጎማና ካላማዳሪ በእኔ ይሁን ያልኩት።

"የበፊቱንስ መለሱለት?"

አልመለስኩም ነበር። አላሰብኩትምም። ዕዳዬ አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ያለ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ሴቶች ዘንቢል ይዘው ወደ ባጃጁ መጡ። ዘንቢላቸውን ተቀብሎ አስገባላቸው፣ "በሉ ቲቸር፣ ደህና ይግቡ" ብሎኝ አስነሥቶ ሄደ። በዚያው ቀን ማታ አዲሱን ልጅ ቤት ጠርቼ፣ ደብተር ይዘን ከተቀጠረበት ጀምሮ የከፈለውን ማውጣት ጀመርን። ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ የፍሬን ሸራ፣ አንድ የጎን መስታወት። እኔ የረሳሁትን እሱ አንድ በአንድ ያስታውሳል። ገና አልጨረስንም።